ሚልክያስ ያልሄደበት መንገድ

ሚልክያስ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነበር። ቤታቸው እዚሁ ሶዶ፣ መርካቶ ሰፈር ነው። አባቱ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ናቸው። ራት ከተበላ በኋላ ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ዘርግተው ሪፖርት ይጽፋሉ። ሚልክያስም አጠገባቸው ቁጭ ብሎ የቤት ሥራውን ይሠራል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ልጁ ከቤት ሥራው ይልቅ የሚያጠናው የአባቱን ሪፖርት ነበር። እናንተ የከረሜላ ስም እንደምታውቁት ሁሉ እሱ ደግሞ "ክፍተት"፣ "አመቺ ሁኔታ"፣ "የጊዜ እጥረት" የሚሉትን ቃላት በቃሉ ያውቃቸው ነበር።

ነገሩ የሆነው በ1999 ዓ.ም. ነው። ያኔ እኔ ቲቸር አስካለች ገና አዲስ የሰንበት ትምህርት አስተማሪ ነበርኩ። ስለ ትዕግሥት በየሳምንቱ አስተምር ነበር። የራሴ ትዕግሥት ግን በዚያ ወር ተሟጦ አለቀ። ለምን እንደሆነ ስሙኝ።

የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታም መስቀልም አልፎ ጥቅምት ሲገባ ልጆቹ "ቲቸር፣ ፏፏቴ እንሂድ" አሉኝ። በዳሞታ ተራራ ጎን አንዲት ትንሽ ፏፏቴ አለች ሲባል ሰምተዋል። መንገዱ አጭር ነው አሉ፤ ግን ቀጥ ያለ አቀበት ነው። እኔም ሳላስብ "እሺ፣ እንሄዳለን" አልኩ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ? "እሺ" ካልኩበት ደቂቃ ጀምሮ እፎይ ብዬ አላውቅም።

ወዲያው ኮሚቴ ተቋቋመ። ያ ዘመን የኮሚቴ ዘመን ነበር፣ ልጆች። ትልልቆቹ ሁሉን ነገር በኮሚቴ ያቅዳሉ፣ ቃለ ጉባኤ ይይዛሉ፣ መጨረሻ ላይ ተሰብስበው ይገማገማሉ። ልጆቹም ከትልልቆቹ ተማሩ። ባዳቾ ሰብሳቢ ሆነ። ዕድሜው አሥራ ሦስት ነው፤ ድምፁ ግን የሰባት ሰው ነው። ሚልክያስ ጸሐፊ ሆነ። የሁለት ሰዓት መንገድ ለማቀድ ሦስት እሑድ ተሰበሰቡ።

የመጀመሪያው እሑድ ስለ ዳቦ ክርክር አለቀ። አንዱ "ለሰው አንድ ዳቦ" ይላል፣ ሌላው "አቀበት ስለሆነ አንድ ተኩል" ይላል። ሁለተኛው እሑድ ደግሞ "ከበሮውን ማን ይሸከማል?" በሚለው አለቀ። እኔ ሲመረኝ "እኔ እሸከመዋለሁ፣ በቃ" አልኩ።

"ቲቸር፣ መጀመሪያ እጅዎን ያውጡ" አለኝ ባዳቾ።

እጄን አወጣሁ። ሚልክያስ በቃለ ጉባኤው ላይ "አንዲት ተሳታፊ ሐሳብ ሰጥታለች፤ ጉዳዩ በቀጣይ ይታያል" ብሎ ጻፈ። እኔ ነኝ እንግዲህ አንዲት ተሳታፊ።

እኔን ያሳሰበኝ ግን ዳቦም ከበሮም አልነበረም። ኢየሩሳሌም ነበረች። ኢየሩሳሌም የዐሥር ዓመት ልጅ ናት። ሕፃን ሳለች ታማ አንድ እግሯ ስለደከመ በምርኩዝ ነው የምትሄደው። ሜዳ ላይ ብዙዎቹን ትቀድማለች። አቀበት ላይ ግን ምርኩዙ ይንሸራተታል፣ እሷም ትወድቃለች። ስለዚህ በሦስተኛው እሑድ እጄን ቀድሜ አወጣሁ።

"አንድ ነገር እወቁ" አልኩ። "ኢየሩሳሌም የማትወጣው መንገድ ከሆነ ሁላችንም እንተወዋለን። በሚኒባስ ዱቦ እንሄድና እዚያ ዛፍ ጥላ ሥር እንጫወታለን።"

ልጆቹ አኮረፉ። ዱቦን ሁሉም ያውቀዋል። ኢየሩሳሌም ግን ቀና ብላ፣ "እኔም የምፈልገው ፏፏቴውን ነው፣ ቲቸር" አለች። "ከቆርቆሮ ጣሪያ ከሚወርድ ዝናብ በቀር የሚወርድ ውሃ አላየሁም።"

እንግዲህ አንድ ሰው አስቀድሞ ሄዶ መንገዱን ማየት ነበረበት። ወደ ፏፏቴው የሚወስደው መንገድ በአቶ ጩማ ግቢ ነው የሚያልፈው። አቶ ጩማ ከተራራው እግር ሥር የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። በእኛ አገር ከሰው ቤት ፊት ያለውን ሣር ሳያስፈቅዱ መርገጥ ነውር እንደሆነ ታውቃላችሁ። ስለዚህ የሚሄደው ሰው ሥራው ቀላል ነበር። አቶ ጩማን ያስፈቅዳል፣ አቀበቱን ያያል፣ ከዚያ ለአንድ ጥያቄ ብቻ መልስ ይዞ ይመጣል፦ ኢየሩሳሌም ትችላለች ወይስ አትችልም?

ሚልክያስ እጁን አወጣ። "ቅዳሜ ከወንድሜ ከጌታነህ ጋር ሄጄ፣ እሑድ ሪፖርት አቀርባለሁ" አለ። ጌታነህ አሥራ ስምንት ዓመቱ ስለሆነ እኔም አመንኩ።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ሚልክያስ ጫማውን አጥብቆ አስሮ በር ላይ ቆመ።

"ጌቾ፣ እንሂድ" አለ።

"ዛሬ?" አለ ጌታነህ። "ዛሬ ማንቸስተር ይጫወታል። ነገ እንሄዳለን።"

"ነገማ እሑድ ነው። ሪፖርት አለብኝ።"

"እንግዲያው አንተ ታውቃለህ። እኔ ዲኤስቲቪ ቤት ለሁለታችንም ቦታ ይዣለሁ።"

ሚልክያስ ወደ ተራራው አየ። ዳሞታ አናቱ ላይ ጉም ለብሷል። ወደ ዲኤስቲቪ ቤቱ አየ። ጨዋታው ሳይጀመር ከውስጥ ጩኸት ይሰማል። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? አትመልሱልኝ፤ ከፊታችሁ ገብቶኛል።

ልቡ "መንገዱን እይ" ይለዋል። እግሩ ግን ጌታነህን ተከተለ። "ጨዋታው እንዳለቀ እሄዳለሁ" ብሎ ራሱን አጽናና። ጨዋታው ሲያልቅ ዝናብ ጣለ። ዝናቡ ሲያባራ መሸ።

ቤት ገብቶ አንድ ወረቀት ፊቱ ዘረጋ። "መንገዱ አጭር ነው ብለዋል" አለ በልቡ። "ሁሉም ፏፏቴውን ይፈልጋል። ኢየሩሳሌም ራሷ ትፈልጋለች። ማን ይጎዳል?" ከዚያ እስክሪብቶውን አነሣና ጻፈ። እንደዚያ ቀን አምሮለት ጽፎ አያውቅም።

እሑድ ዕለት ቆሞ አነበበው። ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ።

"ቁጥር 001/99። ጉዳዩ፦ የፏፏቴ መንገድን ይመለከታል። በአካል ተገኝተን ባደረግነው ምልከታ መንገዱ አመቺ መሆኑ ተረጋግጧል። አቀበቱ መጠነኛ ነው። የአካባቢው ነዋሪ አቶ ጩማ በደስታ ተቀብለውናል። ፏፏቴው እጅግ ውብ ነው። ስለሆነም እኅታችን ኢየሩሳሌም ያለ ምንም ችግር መሳተፍ ትችላለች።"

ከሥሩ ፈርሟል። ማኅተም ስለሌለው በሰማያዊ እስክሪብቶ ክብ ሠርቶ በውስጡ መስቀል ሥሏል። ልጆቹ አጨበጨቡ። እኔም አብሬ አጨበጨብኩ፤ ይህን ስነግራችሁ አፍራለሁ። "አቀበቱ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ጭቃ አለው?" ብዬ መጠየቅ ይገባኝ ነበር። ክቧን ሳይ ጊዜ ግን ዝም አልኩ።

ኢየሩሳሌም ወረቀቱን ተውሳ ወደ ቤቷ ይዛ ሄደች። እናቷ እትዬ አሳየሽ "አንቺና አቀበት ምንና ምን ናችሁ? አትሄጅም" ብለዋት ነበር። ወረቀቱ ከተነበበላቸው በኋላ ግን ፈቀዱ። ለምርኩዟም ጫፍ ሊስትሮው ጋ ወስደው አዲስ ጎማ አስደረጉላት።

የጉዞው ቅዳሜ ደረሰ። ሠላሳ አራት ልጆች ሆነን ተነሣን። ከበሮውን፣ ጉዳዩ በቀጣይ ሳይታይ ስለቀረ፣ እኔው ተሸከምኩት። ኢየሩሳሌም ከፊት ከፊት ትሄድ ነበር። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል የሚባለው እውነት ነው። የሚልክያስ ውሸት ግን ቀልሎ ለማለቅ አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀበትም፤ ዳቦው ሳይነካ አቶ ጩማ ደጅ ደረስን።

"ሳሮ" ብዬ ሰላምታ ሰጠሁ።

"ሳሮ፣ ሳሮ" አሉ አቶ ጩማ። ከእንሰቱ መሐል መጥረቢያቸውን ይዘው ብቅ አሉ። "ይሄ ሁሉ ልጅ ምን ፈልጎ ነው?"

"ወደ ፏፏቴው ልናልፍ ነው። ባለፈው ሳምንት ልጆች መጥተው አስፈቅደውዎታል።"

"የምን ልጅ? ወደ እኔ ማንም አልመጣም።"

ዞር ብዬ ሚልክያስን አየሁት። እሱ ጫማውን ያያል። አቶ ጩማ ደግሞ ኢየሩሳሌምን እያዩ ነበር።

"ይሄ ልጅ የት ሊሄድ ነው?" አሉ። በእሳቸው አማርኛ ወንዱም ሴቷም "ይሄ" ነው።

"እኔም ፏፏቴው ጋ ነው" አለች ኢየሩሳሌም።

"በምኑ? ክረምት ላይ ጎርፍ መንገዱን ቆርጦታል። ፍየል እንኳን ይወድቃል። ሰው ሁለት እጁን ሣር ይዞ ነው የሚወጣው። ይሄ ልጅ በየት እጁ ይይዛል? እጁ እንጨት ይዟል።"

ከእንሰቱ ጀርባ ሄደን አየን። እውነታቸውን ነው። መንገዱ ቀይ ጭቃ ሆኖ እንደ ግድግዳ ቆሟል። ከላይ የውሃው ድምፅ ይሰማል፤ ቅርብ ነው። ልጆቹ ድምፁን ሲሰሙ መቆም አቃታቸው።

"ሚልክያስ" አልኩ። እመኑኝ፣ ቀስ ብዬ ነው የጠራሁት።

"አቤት ቲቸር።"

"ይህን መንገድ አይተኸዋል?"

"በመረጃ አሰባሰቡ ላይ የተወሰነ ክፍተት ነበር።"

"ክፍተት አትበለኝ። መጥተሃል ወይስ አልመጣህም?"

"አየሩም አመቺ አልነበረም።"

"መጥተሃል?"

"የጊዜ እጥረትም…"

እዚህ ላይ ከበሮውን መሬት ላይ ጣልኩት። ያስቀመጥኩት እንዳይመስላችሁ፤ ጣልኩት። ባዳቾ ደግሞ ያን ጊዜ እጁን አወጣ።

"ቲቸር፣ ይህ ነገር በግምገማ ቢታይ ይሻላል። አጀንዳ አንድ…"

"ባዳቾ፣ ቁጭ በል" አልኩ። ቁጭ አለ።

ሚልክያስ ፊቱ ቀላ። "እኔ አዝላታለሁ" አለ።

"መጀመሪያ ራስህን ተሸክመህ ውጣ" አሉት አቶ ጩማ። "ሁለታችሁ ከወደቃችሁ የማነሣው እኔ ነኝ።"

ኢየሩሳሌም ሣሩ ላይ ተቀመጠች። ምርኩዟን ጉልበቷ ላይ አጋደመችው። "እናንተ ሂዱ" አለች። "እኔ እዚህ እጠብቃለሁ። ድምፁን እሰማለሁ እኮ።"

"ማንም አይሄድም" አልኩ። "ሁላችንም ወይም ማንም ብለን ተነጋግረናል።"

ልጆቹ አጉረመረሙ። አንዳንዶቹ ዳቧቸውን እንዳቀፉ ማልቀስ ጀመሩ። ሁሉም ሚልክያስን በክፉ ዐይን ያየዋል። እሱ ከሁሉም ርቆ ቆመ። ይህን ጊዜ ኢየሩሳሌም በእጇ ጠራችው።

"ና፣ እዚህ ተቀመጥ" አለችው።

መጥቶ ተቀመጠ። እሷ አልተቆጣችም ነበር። ገና አልገባትም። መንገዱን በደንብ ሳያይ የቀረ፣ ፏፏቴው ጋ ግን የደረሰ መስሏታል።

"እኔ እንግዲህ አላየውም" አለችው። "አንተ ግን አይተኸዋል፤ እጅግ ውብ ነው ብለህ ጽፈሃል። እስኪ ንገረኝ። ውሃው ከየት ነው የሚጀምረው? ታች ሲደርስስ ምን ይሆናል?"

ሚልክያስ አፉን ከፈተ። "ውሃው…" አለ። "ውሃው በጣም አመቺ…" አለና ቆመ። ቃላቱ ሁሉ አለቁበት። ኢየሩሳሌም ዐይን ዐይኑን እያየች ትጠብቃለች።

"አላየሁትም" አለ።

"ምኑን?"

"ፏፏቴውን። መንገዱንም አላየሁም። ጋሽ ጩማንም ያየኋቸው ዛሬ ነው። አልመጣሁም፣ ኢየሩሳሌም። ኳስ ሳይ ነበር። ወረቀቱን ቤት ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። ዋሸሁሽ።"

 ባዳቾ ሊያወጣ የነበረውን እጁን መለሰ።

"እናቴ እምቢ ብላ ነበር" አለች ኢየሩሳሌም። "ወረቀትህን ሁለት ጊዜ አነበብኩላት። በሁለተኛው ነው እሺ ያለችኝ።" ይህን ብላ ፊቷን ወደ እንሰቱ አዞረች።

ሚልክያስ አለቀሰ። አስተማሪ በእንዲህ ያለ ጊዜ ልቡ ይራራል ይባላል። የእኔ ግን ቶሎ አልራራም። በእሱ ተናድጄ ነበር፤ ሳልጠይቅ ባጨበጨብኩት በራሴም ተናድጄ ነበር። የአቶ ጩማ ባለቤት አዝነውልን የተቀቀለ ጎደሬ ከሚያቃጥለው የበርበሬ ዳጣ ጋር አወጡልን። በልተን፣ አመስግነን፣ በእኩለ ቀን ወደ ሶዶ ተመለስን። አንድም ልጅ አልዘመረም።

ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሚልክያስ ቀረብ አለኝ። "ቲቸር፣ እግዚአብሔርን ይቅርታ ለምኛለሁ። አሁን ምን ላድርግ?"

"እግዚአብሔር ይቅር ይላል" አልኩት። "አሁን እትዬ አሳየሽ ቤት ሂድ። ወረቀት ይዘህ አትሂድ።"

ሄደ። እትዬ አሳየሽ ደጃፋቸው ላይ ልብስ ያጥቡ ነበር።

"እትዬ፣ ያ የጻፍኩት ውሸት ነው" አላቸው። "መንገዱን አላየሁትም።"

እትዬ አሳየሽ እጃቸውን ከአረፋው አወጡ። "ልጄ ወድቃ ተሰብራ ቢሆንስ?" አሉት።

"ጥፋቱ የእኔ ይሆን ነበር" አለ ሚልክያስ።

"አዎ፣ የአንተ ይሆን ነበር" አሉ እሳቸው። "ግባ፣ ውሃ ጠጣ። ከመንገድ ነው የመጣኸው።"

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሚልክያስ ጎሕ ሲቀድ ተነሥቶ የጌታነህን ብርድ ልብስ ገፈፈ። "ዛሬ ኳስ…" አለ ጌታነህ። "ኳሱን ተወው፣ ተነሥ" አለው። አብረው ሄዱ። ሚልክያስ አቶ ጩማን ራሱ አስፈቀደ። ያን ቀይ አቀበት ወጣ፤ ሁለት ጊዜ ተንሸራቶ ጉልበቱ ተላጠ። ፏፏቴውን አየ። ከዚያ ወርዶ አቶ ጩማን ጠየቃቸው።

"ጋሽ ጩማ፣ እግሯ ለደከመ ልጅ ሌላ መንገድ የለም?"

አቶ ጩማ አሰቡ። "የለም" አሉ። ቆይተው ግን፣ "ከገብስ ማሳዬ ጫፍ ይታያል። ሙሉውን አይደለም። መንገዱ ግን ረጋ ያለ ነው" አሉ።

ሚልክያስ ምን እንዳደረገ ታውቃላችሁ? ዱላ ለመነና አንድ እግሩን አንጠልጥሎ እስከ ማሳው ጫፍ ድረስ ሄደ። ጌታነህ በሳቅ ሊሞት ደረሰ። ሚልክያስ ግን አልሳቀም፤ ደቂቃውንና እርምጃውን ይቆጥር ነበር።

እሑድ ዕለት ሁለተኛውን ሪፖርት አነበበ። ቁጥር አልነበረውም፤ ክብም አልነበረውም።

"ኢየሩሳሌም ፏፏቴው ድረስ መሄድ አትችልም። ትንንሾቹም አይችሉም። ከጋሽ ጩማ የገብስ ማሳ ጫፍ ግን ፏፏቴው ይታያል። የሚታየው ግማሹ ነው። ታችኛውን ዛፍ ሸፍኖታል። ከግቢው እስከዚያ ሃያ አምስት ደቂቃ ነው። እኔ በአንድ እግር ሄጄ ሦስት ቦታ ዐረፍኩ። አንድ ቦታ ጭቃ አለ፤ እዚያ ሁለት ሰው መደገፍ አለበት። ውሻም አለ፤ ታስሯል፤ ግን ይጮኻል።"

ማንም አላጨበጨበም። ኢየሩሳሌም ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ አላነጋገረችውም ነበር። አሁን እጇን አወጣች።

"ታችኛው ጭራሽ አይታይም?"

"ጭራሽ አይታይም።"

"ጭቃው ስንት እርምጃ ነው?"

"አሥራ አንድ።"

ትንሽ አሰበች። "እሄዳለሁ" አለች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሄድን። እትዬ አሳየሽም አብረውን መጡ፤ ወረቀቱ አንድ ጊዜ ብቻ ነበር የተነበበላቸው። ውሻው ጮኸ። ጭቃው ጋ ስንደርስ ባዳቾና እኔ ኢየሩሳሌምን በግራና በቀኝ ደገፍናት። እርምጃዋን ጮክ ብላ ቆጠረች። አሥራ አንድ ሲሞላ ደረቅ መሬት ረገጠች። ሦስት ጊዜ ዐረፍን። ከዚያ የማሳው ጫፍ ደረስን።

ማዶ፣ ከጥቁሩ ድንጋይ አናት ላይ ነጩ ውሃ ይወርዳል። ወርዶ ወርዶ ዛፎቹ ውስጥ ይገባና ይጠፋል። ኢየሩሳሌም ምርኩዟን ተደግፋ ረጅም ጊዜ አየችው። ማንም አላጣደፋትም። ሚልክያስ ከኋላዋ ቆሞ ይጠብቃል።

"ግማሽ ነው" አለች። ከዚያ ወደ እሱ ዞረች። "ልክ እንዳልከው ነው፣ ሚልክያስ።"

ልጆች ሆይ፣ ባልንጀራችሁ ቃላችሁን አምኖ ለመንገድ እግሩን ያነሣልና፣ ያላያችሁትን አየሁ፣ ያልሄዳችሁበትን ሄድኩ አትበሉ።